ገጸ ንባብና የድንጋይ ምስክርነት፤ ከመንዝ አገር የተነሣ ሂስ

በመንዝ ጌራ ምድር፣ በመሐል ሜዳ ከተማ የሚያድግ ተማሪ ሁለት የዘመን ቍጥሮች ይደርሱታል። በዘመን መለወጫ ዕለት በቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ሲታወጅ ዓለም ከተፈጠረ እስከ ጌታ ልደት 5500 ዘመን መቈጠሩን፣ በዚያም ላይ ዓመተ ምሕረት ተደምሮ ዓመተ ዓለም መገኘቱን ይሰማል። በትምህርት ቤት ደግሞ በአፋር ቈላ፣ በሐዳር፣ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላት ይማራል። ሁለቱን ቍጥሮች የነገሩት ሰዎች ሁለቱም የሚያከብራቸው መምህራን ናቸው።

ስለዚህ ነገር የሚከራከሩትን በሦስት ወገን ልንከፍላቸው እንችላለን። የመጀመሪያው ወገን መጽሐፍ እንደ ተጻፈ እውነት ነውና የድንጋዩ ቍጥር ሐሰት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን የድንጋዩ ቍጥር እውነት ነውና መጽሐፉ ተረት ነው ይላል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ መጽሐፉ የተናገረው በምሳሌ ስለ ሆነ መጀመሪያውኑ ጠብ አልነበረም ብሎ ነገሩን በሰላም ይዘጋዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሃይማኖትን ለመደገፍም ሆነ ለመንቀፍ አይደለም። ሦስቱ ወገኖች የሚያቀርቧቸውን ማስረጃዎች አንድ በአንድ መርምሮ የትኛው ምን ያህል እንደሚያስረዳ ለማመልከት ብቻ ነው።

በርስት ሙግት ላይ ዳኛ ምስክርን የሚጠይቀው ባየውና በሰማው ነገር ነው። ወሰኑን ያየ ስለ ወሰኑ ይመሰክራል፤ ስለ ትውልድ ቈጠራው ግን ሌላ ምስክር ይጠራል። እኛ እንደሚመስለን ሦስቱም ወገኖች ይህን ሥርዓት አፍርሰዋል። አንዱን ምስክር ስለ ሌላው ጉዳይ እንዲመሰክር ያስገድዱታል። መንዝን መነሻ ያደረግነውም ምስክሮቹ ሁሉ በአንድ አካባቢ ስለሚገኙ ነው። የአብያተ ክርስቲያናቱ ባሕረ ሐሳብ በእጅ አለ፤ የአገሩ ወንዞች በስተ ምዕራብ ወደ ጀማና ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ በስተ ምሥራቅም የጓሳ ጫፍ ቍልቍል ወደ አፋር ይመለከታል።

ሀ. አንድምታ ሰምና ወርቅ አይደለም

ነገሩን ከሦስተኛው ወገን እንጀምር፤ ምክንያቱም በተማሩ ሰዎች ዘንድ ብዙ ተቀባይነት ያለው እርሱ ነው። ስለ መንዝ ከተጻፉት የማኅበራዊ ኑሮ ጥናቶች በስፋት የታወቀው የአሜሪካዊው የዶናልድ ሌቪን ሥራ ነው። ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ሕዝቡን ካጠና በኋላ በእ.ኤ.አ. 1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የአማራ ባህል አንድን ቃል ለሁለት ፍቺ የማዘጋጀት ልማድ እንዳለው ገልጾ፣ የልማዱን ጥቅም ሳይክድ፣ ግልጽነትንና ልክን ከሚጠይቀው ከዘመናዊ አስተሳሰብ ጋር ግን እንደማይስማማ አስረድቷል።

ይህን አስተያየት የተቀበሉ ሰዎች የመጽሐፍ ትርጓሜንም ከቅኔ ጋር አንድ ያደርጉታል። እንደ እነርሱ አባባል በኦሪት ዘፍጥረት የተነገሩት ስድስት ቀናት ሰም ናቸው፤ ወርቁ የፈጣሪ መኖር ነው፤ ስለዚህ ሰሙን ለሳይንስ ትተን ወርቁን ለሃይማኖት እንይዛለን። አነጋገሩ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከትርጓሜው ሙያ ጋር አይገጥምም። በቅኔ ሰሙ የተበጀው ወርቁን ለመሸፈን ነው፤ አንጥረኛም ሰሙን አቅልጦ አፍስሶ በቦታው ወርቁን ያስገባል። የአንድምታ መምህር ግን በመጀመሪያ ገጸ ንባቡን ያነባል፤ ነጠላ ትርጕሙን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላ ፍቺ፣ ሌላም ፍቺ ይጨምራል። «አንድም» ማለት «ደግሞም» ማለት እንጂ «የፊተኛው ቀርቶ» ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ፍቺ በቦታው ይኖራል፤ የኋለኞቹም በእርሱ ላይ ይቆማሉ።

የትርጓሜው የዘር ሐረግም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። በጥንቱ የክርስትና ዓለም የእስክንድርያ ሰዎች፣ በተለይም ኦሪጀን፣ ቃሉን ወደ ምሳሌ ማድላታቸው፣ የአንጾኪያ ሰዎች ደግሞ ታሪኩንና ገጸ ንባቡን ማጥበቃቸው የታወቀ ነው። የአገራችን ሊቃውንት አዘውትረው የሚጠቅሱት ዮሐንስ አፈ ወርቅ የአንጾኪያ ሰው ነው። እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊም በእ.ኤ.አ. 1988 በታተመው ጥናቱ አንድምታ ከጥንቱ ትርጓሜ፣ ይልቁንም ከአንጾኪያው መንገድ፣ ጋር ያለውን ዝምድና አሳይቷል።

እንግዲህ ሊቃውንቱ ስድስቱን ቀናት እንደ ቀን፣ ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት እንደ ፍጥረት፣ 5500ውንም እንደ ዘመን ቈጥረዋል። ይህን ያሉት በምሳሌ ነው ብለን ችግሩን ለማቃለል ብንሞክር ያላሉትን እንዳሉ እናደርጋቸዋለን። ለአባቶች የሚገባው አክብሮት በመጀመሪያ የተናገሩትን እንደ ተናገሩት መስማት ነው፤ መስማማት ወይም አለመስማማት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሦስተኛው ወገን ጠቡን ያስታረቀ ይመስለዋል እንጂ አንዱን ተከራካሪ ከችሎቱ አስወጥቶ ነው የፈረደው።

ለ. የባሕረ ሐሳብ ትክክለኛነት ስለ ምን ይመሰክራል?

የመጀመሪያው ወገን ከሚያቀርባቸው ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ባሕረ ሐሳብ ነው። ክርክሩ እንዲህ የሚል ነው፤ ስሌቱ በዓላትንና አጽዋማትን ሳይሳሳት ያወጣል፤ የስሌቱ መሠረት 5500 ነው፤ መሠረቱ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ እውነት ባልሆነ ነበር። ይህ ክርክር በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ ስለዚህ በስሌቱ በራሱ እንመርምረው።

ለምሳሌ 2000 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7500 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1875 ይደርሳል፤ ይህም መጠነ ራብዒት የሚባለው ነው። ቀሪ ስለሌለው ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 7500ና 1875 ተደምረው 9375 ይሆናሉ፤ በ7 ሲገደፉ 2 ይተርፋል፤ 2 ከተረፈ መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ይውላል። በእውነትም የ2000 ዓ.ም. እንቍጣጣሽ የዋለው ረቡዕ ነው። እንዲሁም 7500 በ19 ሲገደፍ 14 ይተርፋል፤ አንዱ ሲነሣለት ወንበሩ 13 ይሆናል፤ ከዚያ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸው የስሌቱን መስማማት ያሳያል።

አሁን ደግሞ መሠረቱን እንለውጥ። ሊቃውንቱ ራሳቸው እንደሚያስተምሩት የፀሐይ ዐውድ በ28 ዓመት፣ ንኡስ ቀመር በ19 ዓመት ይመለሳል፤ 28 በ19 ሲባዛ 532 ይሆናል፤ ይህም ዐቢይ ቀመር ነው። በ5500 ላይ 532 ብንጨምር 6032 ይሆናል። የ2000 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም እንግዲህ 8032 ነው ማለት ነው። ይህ ለ4 ሲካፈል 2008 ደርሶ ያለ ቀሪ ያልቃል፤ ዘመኑም እንደ ፊተኛው ዘመነ ዮሐንስ ይሆናል። 8032ና 2008 ተደምረው 10040 ይሆናሉ፤ በ7 ሲገደፉ 2 ይተርፋል፤ ቀኑ ያው ረቡዕ ነው። 8032 በ19 ሲገደፍም 14 ይተርፋል፤ ወንበሩ፣ አበቅቴውና መጥቅዑ አይለወጡም። ጾመ ነነዌም ፋሲካም በቦታቸው ይውላሉ። ዐቢይ ቀመርን አንድ ጊዜ በመጨመር ፈንታ ሺህ ጊዜ ጨምረን ለዓለም 532,000 ዓመት ብናክልላት ውጤቱ ያው ነው።

ከዚህ የምንረዳው ባሕረ ሐሳብ ታላቅ የሒሳብ ሥራ መሆኑን፣ ነገር ግን ስለ ዓለም ዕድሜ የማይመሰክር መሆኑን ነው። ምስክሩ ታማኝ ነው፤ የተጠየቀው ግን ያላየውን ነው።

ሁለተኛም 5500 የሚለው ቍጥር እንዴት እንደ ተገኘ ማስተዋል ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለአዳም የተሰጠው ተስፋ አምስት ቀን ተኩል ነበር፤ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቈጥሮ 5500 ይሆናል። በቀኖናችን ካሉት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ኩፋሌም፣ አዳም 930 ዓመት ኖሮ ሳለ ፍሬውን በበላበት ቀን እንዴት ሞተ ይባላል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ ቀኑን በሺህ ዓመት ይለካዋል። ስለዚህ አንድ ሰው የፍጥረት ቀን ያለ ጥርጥር 24 ሰዓት ነው፤ ይህንም ከ5500 ጋር እንደ ፊደሉ እይዛለሁ ቢል፣ በአንድ እጁ የያዘው ቍጥር ቀንን በሺህ ዓመት ከመለካት የመጣ መሆኑን አላስተዋለም። ይሁን እንጂ ይህን ሰምተው ቀኑን ከሺህ ወደ ሚሊዮን፣ ከሚሊዮን ወደ ቢሊዮን የሚያስረዝሙትም አይመሰገኑም። ኩፋሌ ሺህ ብሎ ወስኗል፤ የጽሑፉን ሥልጣን ጠርተው ልኩን የሚለውጡ ሰዎች የሚናገሩት ከራሳቸው ነው።

ሦስተኛም «እንደ ፊደሉ» ሲባል እንደ የትኛው ፊደል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። በግሪኩ በሰባ ሊቃናት ትርጕምና እርሱን በሚከተለው በግእዙ አዳም ሴትን የወለደው በ230 ዓመቱ ነው፤ በዕብራይስጡ ግን በ130 ዓመቱ ነው። የሌሎቹም አበው ዘመን እንደዚሁ በመቶ እየተለያየ ይሄዳል። የአይሁድ አቈጣጠር የዓለምን መጀመሪያ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3761 ላይ ሲያደርገው፣ በአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ጄምስ አሸር በእ.ኤ.አ. 1650 ባሳተመው መጽሐፍ 4004 ላይ አድርጎታል። ሁሉም እንደ ፊደሉ ቈጥረዋል፤ የአሸርና የእኛ ቍጥር ብቻ ወደ 1500 ዓመት ይራራቃሉ።

አራተኛም ቤተ ክርስቲያናችን በሥራዋ ያደረገችውን እንመልከት። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው፤ በቀኖናችንም ውስጥ ይቈጠራል። ይህ መጽሐፍ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ መንገድ ሲናገር ዓመቱን 364 ቀን ያደርገዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን በዓሎቿን የምታወጣው በ365 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም ጳጉሜን 6 ሆና በ366 ቀን ነው። በ364 ቀን ብትሄድ ኖሮ እንቍጣጣሽ በ100 ዓመት ውስጥ ከአራት ወር በላይ ከቦታዋ በሸሸች፤ የመስቀል አበባም ሳትፈነዳ መስቀል በተከበረ። መጽሐፉን ማንም አልናቀም፤ ወቅቱን ለማወቅ ግን ፀሐይቱ ራሷ ተጠየቀች።

ሐ. የጀማ ሸለቆ ዛጎሎች

የመጀመሪያው ወገን ሁለተኛ ማስረጃ ከመሬት የሚገኝ ነው። ከመርሐቤቴ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርዱት ገደሎች ውስጥ ከሚታየው የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎሎች ይገኛሉ። ከባሕር እጅግ ርቆ ባለ ደጋ አገር ዛጎል መገኘቱ ውኃ ተራራውን ሁሉ የሸፈነበትን የኖኅን ዘመን ያስረዳል ይባላል። ይህን ክርክር የምናከብርበት አንድ ምክንያት አለ፤ ከዛጎሉ ተነሥቶ ባሕር እንደ ነበረ ማሰቡ ትክክለኛ የሳይንስ አካሄድ ነው። በእውነትም ባሕር ነበረ። ጥያቄው የአንድ ዓመት የጥፋት ውኃ ነው ወይስ ረዥም ዘመን የተኛ ባሕር? የሚለው ነው።

ይህን ለመለየት ዛጎሉን ብቻ ሳይሆን የድንጋዩን ቅደም ተከተል ማንበብ ያስፈልጋል። በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ዓባይ የሚወርድ መንገደኛ ደረጃዎቹን በግልጽ ያያቸዋል። ከሥር የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ በላዩ የጀሶ ድንጋይ ያለበት ንጣፍ ይከተላል፤ ከዚያ ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ፣ እንደ ገና የጭቃና የአሸዋ ድንጋይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ይመጣል። የመንዝ ሰው የሚያርሰው አፈር፣ ቤቱንም የሚክብበት ድንጋይ የዚህ የመጨረሻው ወገን ነው።

አሁን ጀሶውን እንጠይቀው። ጀሶ የሚሠራው የባሕር ውኃ በፀሐይ ተንኖ ጨዋማነቱ ሲበዛና የተሟሟው ነገር ወደ ታች ሲዘቅጥ ነው። እንግዲህ ከዛጎሉ በታች ጥልቀት የሌለው ውኃ እየደረቀ፣ ደግሞ እየሞላ፣ እንደ ገናም እየደረቀ የኖረበት ዘመን ተመዝግቧል። ዓለሙን ሁሉ የሸፈነ ውኃ በዚያው ጊዜ እየደረቀ ጀሶ ሊያዘቅጥ አይችልም። የኖራ ድንጋዩም ቢሆን በአብዛኛው ከዛጎልና ከሌሎች የባሕር ፍጥረታት ቅሪት የተጠራቀመ ነው፤ ውፍረቱም በመቶ የሚቈጠር ሜትር ስለሚደርስ ትውልድ በትውልድ ላይ ኖሮ እየሞተ ካልሆነ በቀር በአንድ ዓመት አይከማችም። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህን የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ሲሰጡት፣ በላዩ ያለው የደጋው ጥቁር ድንጋይ መፍሰስ የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላሉ።

ይህ አስተያየት የሃይማኖት ጠላቶች ያመጡት አይደለም። ጣሊያናዊው ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት በሎምባርዲያ ተራሮች ያሉትን ዛጎሎች ተመልክቶ፣ በንጣፍ ላይ ንጣፍ ሆነው የተቀመጡት በአንድ የጥፋት ውኃ ተጠርገው የመጡ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ጽፏል። ዛሬ የሙገር ሸለቆን የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ የሚቈፍሩ ሰዎችም የሚጠቀሙት በዚሁ የንጣፍ ንባብ ነው።

ስለዚህ በጀማ ሸለቆ ያለው ዛጎል ስለ ባሕር ይመሰክራል፤ ስለ ኖኅ መርከብ ግን አይመሰክርም። ዛጎሉን ለእምነቱ ድጋፍ አድርጎ ያቆመ ሰው አንድ ቀን ጀሶውን ያየ ልጅ ሲጠይቀው የሚመልሰው ያጣል። ጉዳቱም ለልጁ ይተርፋል፤ ዛጎሉ አልመሰከረም ሲባል መጽሐፉ የተረታ ይመስለዋልና። መጽሐፉ ግን ዛጎልን ለምስክርነት አልጠራም ነበር።

መ. የአፋር አጥንቶችና «ማን ነበረ?» የሚለው ጥያቄ

ስለ አፋር አጥንቶች ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ፣ ያን ጊዜ ማን ነበረና ነው ይህ ሁሉ ሚሊዮን የሚቈጠረው? የሚል ነው። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። ዕድሜው የሚለካው በአብዛኛው በአጥንቱ ላይ ሳይሆን ከአጥንቱ በላይና በታች በተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ነው። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከእርሱም አንዱ ዓይነት ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ የነበረው አርጎን ያመልጣል፤ ከበረደ በኋላ ግን የሚፈጠረው በውስጡ እየታሰረ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን ከቀረው ጋር ማመዛዘን ድንጋዩ ከበረደ ስንት ዘመን እንደ ሆነው ያስታውቃል።

ማንም ባልነበረበት ዘመን ላይ ይህን መለኪያ ከማመናችን በፊት፣ ሰው በነበረበት ዘመን ላይ ልንፈትነው እንችላለን፤ ተፈትኗልም። በጣሊያን አገር ቬሱቪየስ የተባለው ተራራ በእ.ኤ.አ. 79 ሲፈነዳ ሮማዊው ትንሹ ፕሊኒ በዓይኑ አይቶ ጽፏል። በእ.ኤ.አ. 1997 የታተመ ጥናት የዚያን ፍንዳታ ድንጋይ በአርጎን ለክቶ 1925 ዓመት ሲያገኝ፣ ሊሳሳት የሚችልበትንም ልክ 94 ዓመት አድርጎ ገልጿል። ከታሪኩ የተገኘው እውነተኛ ቍጥር ግን 1918 ነበር። የሰውና የድንጋይ ምስክርነት በአንድ ችሎት ቀርበው ተስማሙ ማለት ነው።

ደግሞም ሳይንስ ቍጥሩን በየጊዜው ይለዋውጣል የሚል ክስ አለ። ይህም እውነት ነው። በኦሞ ሸለቆ በኪቢሽ በእ.ኤ.አ. 1967 የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪተ አካል መጀመሪያ 130,000 ዓመት ያህል ተሰጥቶት ነበር፤ በ2005 ወደ 195,000፣ በ2022 ደግሞ ወደ 230,000 ከፍ ብሏል። ነገር ግን ለውጡ የመጣው አዲስ አመድ በአዲስ መሣሪያ ስለ ተለካ ነው፤ ምክንያቱም በግልጽ ተጽፎ ማንም እንዲመረምረው ቀርቧል። ከለውጦቹም መካከል ወደ 7000 የቀረበ አንድም የለም።

ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ በጓሳ ሣር ላይ የሚሰማራው ጭላዳም በዚህ ክርክር ውስጥ ድርሻ አለው። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የማይገኝ፣ ከወገኑም ብቻውን የቀረ ዝርያ ነው። የወገኖቹ ቅሪተ አካል ግን ከድንቅነሽ ጋር በሐዳር ይገኛል። ሣር ለመፍጨት የተበጀው የጥርሱ ቅርጽ በሕያውም በድንጋዩም ላይ ይታያል። እረኛው በየቀኑ የሚያየው እንስሳ ከቈላው አጥንት ጋር ያለው ዝምድና ከመጽሐፍ ሥዕል ይልቅ ያስተምራል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ወደ ሁለተኛው ወገን እንመለስ። ድንቅነሽ የሰው ወገን በሁለት እግሩ መሄድ የጀመረው ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት መሆኑን ትመሰክራለች። በ1999 ዓ.ም. ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ ያስተዋወቋት የዲኪካዋ ሕፃን ሰላምም፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠረች ሆና፣ የዚያ ወገን ልጅ እንዴት ታድግ እንደ ነበር ታስረዳለች። ከዚህ ተነሥቶ ፈጣሪ የለም፣ የሰው ነፍስ ክብር የላትም፣ የአባቶች ትምህርት ከንቱ ነው ብሎ የሚደመድም ሰው ግን አጥንቱን ያላየውን ያስመሰክረዋል። የአርጎን መለኪያ ስለ ዘመን ይናገራል፤ ስለ ኃጢአት፣ ስለ ምሕረት፣ ስለ ሰው ግዴታ የሚናገርበት አፍ የለውም። ሁለተኛው ወገን የመጀመሪያውን ሲነቅፍ በራሱ ላይ ያለውን ያንኑ ነውር አላየም።

ሠ. ከዚህ ምን ይከተላል?

በመጨረሻ አንድ ነገር ከሊቃውንቱ ከራሳቸው እንማራለን። በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው ዓለም የተሠራው ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት መሆኑን ያስተምራሉ። እነዚህ አራት ባሕርያት በኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ በዚህ ሥርዓት ተቈጥረው አይገኙም። ትምህርቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ኤምፔዶክሊስ ካስተማረው፣ አሪስጣጣሊስም ካስፋፋው የግሪክ ፍልስፍና የተገኘ ነው፤ በአክሲማሮስና በመሰሉት መጻሕፍት በኩል ከእኛ ዘንድ ደርሷል። ሊቃውንቱ መጽሐፉን ሲተረጕሙ በዘመናቸው የታወቀውን የተፈጥሮ እውቀት ተቀብለው ሠርተውበታል ማለት ነው። አራቱን ባሕርያት ዛሬ እንደ ሃይማኖት አንቀጽ የሚከላከል ሰው ሳያውቀው የኤምፔዶክሊስ ጠበቃ ሆኗል። የአባቶችን አካሄድ መከተል የዘመናቸውን የተፈጥሮ እውቀት ማምለክ አይደለም፤ እነርሱ በዘመናቸው እንዳደረጉት በዘመናችን የታወቀውን መርምሮ መቀበል ነው።

ይህ ነገር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው። ነገር ግን ከመንዝና ከመሰሉት አገሮች የሚመጣ ተማሪ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ሲባል የሚደርሰው ጥፋት ትልቅ ነው። አንዱ ተማሪ ለፈተና ያህል የዝግመተ ለውጥን ትምህርት ቃል በቃል አጥንቶ ይጽፍና ከክፍሉ ሲወጣ ይጥለዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም ወይም የእርሻ ባለሙያ ሲሆን ማስረጃን የመመዘን ልማድ አይኖረውም። ሌላው ደግሞ ዳዊት የደገመበትን ቤት፣ ግእዙንና ባሕረ ሐሳቡን፣ አንድምታውንም በአንድ ላይ እንደ ተረት ይጥላል፤ በዓለም ላይ ከእኛ በቀር ጠባቂ የሌለው ቅርስ በገዛ ልጁ እጅ ይጠፋል። ሁለቱም የተማሩ ይባላሉ፤ ሁለቱም ግን የግማሽ ሰው ሆነው ወጥተዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ እንወዳለን። አንደኛ፣ የባዮሎጂና የሥነ ምድር መምህራን ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን ቍጥሩ የተገኘበትን መንገድ ቢያስተምሩ፤ ለመንዝና ለመርሐቤቴ ተማሪዎችም የጀማ ሸለቆ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ማስተማሪያ ነው። ሁለተኛ፣ ባሕረ ሐሳብ በዩኒቨርሲቲ እንደ ሒሳብ፣ አንድምታም እንደ ትርጓሜ ጥበብ፣ ምንጫቸውና ታሪካቸው እየተመረመረ ቢጠና፤ ይህ ሲሆን የሚጠቀመው ቅርሱም ተማሪውም ነው። ሦስተኛ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ያሉ መምህራንና በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን አንዱ የሌላውን ማስረጃ ከተማሪ አፍ ከመስማት ይልቅ ፊት ለፊት ተገናኝተው ቢሰሙ።

ክርክሩ በዚህ አያልቅም፤ እንዲያልቅም አንሻም። የምንሻው እያንዳንዱ ምስክር ባየው ነገር ብቻ እንዲጠየቅ ነው። የጽሑፉ ንባብ ጸሐፊዎቹ ምን እንዳሉ፣ ባሕረ ሐሳብ ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ድንጋዩም የምድሩን ዕድሜ ይነግሩናል። ከአንባቢዎቻችን መካከል፣ ይልቁንም የብሉይ ትርጓሜ ከተማሩትና በሥነ ምድር ክፍል ካሉት ጓደኞቻችን፣ በዚህ ላይ የሚጨምር ወይም የሚቃወም ቢኖር ሐሳቡን በሚቀጥለው እትም ለማንበብ እንጠባበቃለን።